«ታወሩ ነው ያሳመመኝ ብለህ ጻፍልኝ»



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ዓይነቱ በዝቶብኛል። መጀመሪያ ፎቶ ይመጣል። ወይ የጎረቤት ፎቅ ጣሪያ ላይ የተተከለ የኔትወርክ ታወር ነው፣ ወይ የመንገድ መብራት ምሰሶ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ባልዲ የሚያክል ግራጫ ነገር። ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል ወይ?»

የጣሪያው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው። የምሰሶው ደግሞ ከአሜሪካ፣ በተለይ የኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈችልኝ አንዲት እህታችን ከጥያቄ አልፋ ወረቀት ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፣ ከልጄ መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ሊተክሉት ነው። ስብሰባ ተጠርተናል። አንተ ሐኪም ነህ፤ ለጤና ጎጂ ነው ብለህ በፊርማህ ጻፍልኝና ይዤ ልግባ።» በዚያው ሰሞን ክሊኒክ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ፦ «የኔ ልጅ፣ ራሴን የሚያመኝ ታወሩ ነው ብለህ ጻፍልኝ፤ ለወረዳ አሳያለሁ» አሉኝ።

ለሁለቱም አልጻፍኩም። ግን ባዶ እጃቸውንም አልሸኘኋቸውም። ዛሬ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ የማነሳው ሁለቱም ጋ ያየሁት ችግር አንድ ስለሆነ ነው፤ ሊያሸንፉ የሚችሉበትን ጥያቄ ትተው በማያሸንፉበት ሊከራከሩ ነበር።

ከአሜሪካው እንጀምር፤ ሕጉ እዚያ በደንብ የተጻፈ ስለሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ኮንግረስ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጉን ሲያሻሽል ስለ ገመድ አልባ ስልክ ማማዎች አንድ ክፍል አስገባ። የዚያን ጊዜ ሞባይል ገና እየተስፋፋ ነበር፤ እያንዳንዱ ከተማና ካውንቲ ደግሞ የየራሱን ፈቃድ፣ የየራሱን ክልከላ ያወጣ ነበር። ኮንግረስ ሥልጣኑን ለሁለት ከፈለው። ማማው የት ይተከል፣ ምን ያህል ይርዘም፣ ምን ይምሰል የሚለውን ለአካባቢው አስተዳደር ተወው። ጨረሩ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ግን ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማለትም ለኤፍሲሲ ሰጠው። ከዚያም አንድ አጥር ጨመረበት፦ ማማው የኤፍሲሲን የጨረር ገደብ እስካሟላ ድረስ ማንም ክልል ወይም ከተማ «ጨረሩ ይጎዳል» በሚል ምክንያት ፈቃድ መከልከል አይችልም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ማለት ያቺ እህታችን ከኔ አይደለም፣ ከዓለም ትልቁ የካንሰር ሐኪም የተፈረመ ወረቀት ይዛ ብትገባ እንኳ ምክር ቤቱ በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ «አይተከልም» ማለት አይችልም። ካለም ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ የማሸነፍ ዕድሉም ሰፊ ነው። ሰው ስለ ጤናው እንዳይናገር አልተከለከለም፤ ማይክራፎኑን ይዞ የፈለገውን ማለት ይችላል። ውሳኔው ግን በዚያ ላይ ሊቆም አይችልም።

እኔ በግሌ ይሄ አጥር ሲበዛ ደረቅ ነው ባይ ነኝ። እናት ስለ ልጇ መኝታ ቤት እየፈራች ተነስታ ስትናገር «ይቅርታ፣ ይህን መስማት እንጂ መመዘን አንችልም» መባል ፍርሃቱን አያቀልም፣ ያባብሰዋል። በሌላ በኩል ሕጉ የወጣበት ምክንያት አይገባኝም አልልም። ጨረር የሚለካ መሣሪያም ባለሙያም የሌለው የትንሽ ከተማ ምክር ቤት በጭብጨባ ብዛት የጨረር ገደብ ይወስን ማለትም ጤና አይደለም።

ታዲያ ለአካባቢው ምን ቀረለት? የቀረለት ብዙ ነው፣ ግን እየጠበበ መጥቷል። በ1996ቱ ሕግ መሠረት አስተዳደሩ አንዱን ኩባንያ ከሌላው ያለ አግባብ ማበላለጥ አይችልም፤ አገልግሎቱን ጨርሶ መከልከልም አይችልም። እምቢ ካለ እምቢታው በጽሑፍ፣ በቂ ማስረጃ ተደግፎ መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጆርጂያ ክፍለ ሀገር ሮዝዌል ከተማ በመጣ ክስ ላይ ከተማው ምክንያቱን በግልጽና ከውሳኔው ጋር በተቀራረበ ጊዜ ማሳወቅ አለበት ብሏል።

ከዚያ ስሞል ሴል መጣ። ስሞል ሴል ማለት እነዚያ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ትንንሽ አንቴናዎች ናቸው። ትልቁ ማማ ሰፊ ሰፈር ይሸፍናል፤ ብዙ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ግን ይጨናነቃል። ለ5ጂ የሚያገለግሉት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ደግሞ ሩቅ አይሄዱም፣ ግድግዳ ያቆማቸዋል፣ ቅጠል ያደክማቸዋል። ስለዚህ ትንንሽ ብዙ አንቴና በየመንገዱ መትከል አስፈለገ። ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ትእዛዝ አንድ አንቴና ከ3 ኪዩቢክ ጫማ (85 ሊትር ገደማ) ካልበለጠ፣ ምሰሶውም ብዙውን ጊዜ ከ50 ጫማ (15 ሜትር ገደማ) ካላለፈ ስሞል ሴል ነው አለ። ለከተሞቹም ሰዓት ቆጠረላቸው፦ ነባር ምሰሶ ላይ ለሚሰቀል 60 ቀን፣ አዲስ ምሰሶ ለሚተከልለት 90 ቀን። ዓመታዊ ክፍያውም ለአንድ ስሞል ሴል 270 ዶላር ከሆነ ተገቢ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከተማ ወጪው በእርግጥ ያን ያህል መሆኑን ማሳየት አለበት። ብዙ ከተሞች ተሰባስበው ከሰሱ። በ2020 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የጊዜውንና የክፍያውን ገደብ አጸና፤ ስለ መልክና ውበት በከተሞቹ ላይ የተጣለውን ጥብቅ ገደብ ግን በከፊል ሻረ። ስለዚህ «ምን ይምሰል» የሚለው ጥያቄ ላይ ከተሞቹ ትንሽ መተንፈሻ አግኝተዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲም ምክር ቤቱ ከረጅም ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ደንቡን አሻሽሎ ከመኖሪያ ቤት የሚኖረውን ዝቅተኛ ርቀት ከ60 ጫማ ወደ 30 ጫማ አወረደው። 30 ጫማ 9 ሜትር ያህል ነው። የእህታችን ጭንቀት ባዶ ፍርሃት አይደለም ማለት ነው፤ ምሰሶው በእርግጥ ቅርብ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ 9 ሜትር ላይ ምን ይደርሳል?

ከአንቴና የሚወጣው የሬድዮ ሞገድ ነው። ከኤክስሬይ ጋር አንድ አይደለም፤ ዲኤንኤን ለመስበር የሚያበቃ ጉልበት በየቅንጣቱ የለውም። በበቂ መጠን ሲሆን የሚያደርገው የታወቀ ነገር ማሞቅ ነው። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ አጠገብ ስትቀመጡ ፊታችሁ ይጋላል፣ በሩ ጋ ስትደርሱ ሙቀቱ የለም። ሞገዱም እንደዚያ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ስሞል ሴል ዋናው ጨረሩ በሚያነጣጥርበት አቅጣጫ 100 ዋት ያህል ይልካል እንበል። 10 ሜትር ላይ ለቆመ ሰው የሚደርሰው በካሬ ሜትር 0.08 ዋት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፍሪኩዌንሲ ኤፍሲሲ ለሕዝብ ያስቀመጠው ገደብ በካሬ ሜትር 10 ዋት ነው። ስለዚህ ከገደቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አንቴናው አሥር እጥፍ ቢበረታ 8 በመቶ ይሆናል። ገደቡ ራሱ የተቀመጠው በእንስሳት ላይ ለውጥ መታየት ከሚጀምርበት መጠን ለሕዝብ 50 ጊዜ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ያው ሒሳብ ግን በሌላ በኩልም ይናገራል። ያንኑ አንቴና 1 ሜትር ላይ ብትቆሙለት በካሬ ሜትር 8 ዋት ያህል ይደርሳችኋል፤ ገደቡ አፋፍ ላይ ናችሁ ማለት ነው። የትልቁ ማማ አንቴና ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበረታልና ፊት ለፊቱ እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ገደቡ ሊታለፍ ይችላል። ይህን የምለው ለቀለም ቀቢው፣ ለጣሪያ ጠጋኙ፣ የውሃ ታንከር ለሚያጥበው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ለምትወጡ። እነዚያ ረዣዥም ነጭ ሣጥን የሚመስሉት አንቴናዎች ፊት ለፊት፣ በቅርብ ርቀት፣ በጭንቅላታችሁ ከፍታ ካሉ ገመዱን ወደ ሌላ ጥግ አዙሩት። ከሥሩና ከጀርባው ያለው በጣም ያነሰ ነው፤ አንቴናው የሚልከው ወደ ፊት፣ ወደ አድማስ ነው። ለዚህ ነው «ታወሩ ከኛ ጣሪያ ላይ ነው፣ አለቅን» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማዶ ፎቅ ነዋሪ ያነሰ የሚደርሳቸው።

አሁን ይህን የምታነቡበትን ስልክ ተመልከቱት። የ4ጂ ስልክ ሲልክ ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ነው፤ ከአንቴናው ጋር ሲነጻጸር ምንም። ግን ጆሯችሁ ላይ ተለጥፏል። ለጭንቅላታችን ከማማው ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። ሌላም አለ፦ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን ስልኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ይጮኻል። ሊፍት ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ አንድ መስመር ብቻ በሚታይበት ቦታ ስልካችሁ አቅሙን አሟጦ ነው የሚልከው። ማማው ርቆ እንዲሄድ ስትታገሉ ስልካችሁ ጆሯችሁ ላይ እንዲጮኽ እየፈረዳችሁ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስባችሁ ከሆነ ስፒከር ወይም ኢርፎን ተጠቀሙ፣ ወጪም የለው።

«ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ካንሰር ያመጣል ብሎ የለ?» ትሉኛላችሁ። ያለው እንዲህ ነው። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬድዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው 2ቢ በተባለው መደብ ውስጥ አስገባው። በዋናነት የተመሠረተው ስልክ ጆሮ ላይ አድርገው በሚያወሩ ሰዎች ጥናት ላይ እንጂ በማማ ላይ አልነበረም። መደቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ ስለ አደጋው መጠን አይደለም። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም መላ ሰውነታቸው በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ለኃይለኛ ሞገድ የተጋለጡ ወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ አግኝቷል፤ የሚገርመው እነዚያው የተጋለጡት ወንድ አይጦች ካልተጋለጡት ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረዋል። በ2024 ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት የተሠራ ትልቅ ግምገማ የሞባይል አጠቃቀምና የአንጎል ካንሰር ግንኙነት አላገኘም። በዚያው ዓመት የካንሰር ኤጀንሲው አማካሪዎች ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው ቅድሚያ ሰጥተውታል። ነገሩ ተዘግቶ የተቀበረ አይደለም፤ የሚያስደነግጥ ግን አልተገኘም።

በቲክቶክ የሚዞር አንድ ነገር ላስተካክል። «የአሜሪካ ፍርድ ቤት 5ጂ አደገኛ ነው ብሎ ፈረደ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኤፍሲሲን ወቅሷል፣ እውነት ነው። ኤፍሲሲ የ1996ቱን ገደብ በ2019 «እንዳለ ይቀጥል» ሲል ከካንሰር ውጪ ስላሉ ጉዳቶች፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ረጅም ጊዜ ተጋላጭነት የቀረበለትን ማስረጃ ለምን እንዳልተቀበለ በቂ ማብራሪያ አልሰጠም ተባለ። ሂድና አስረዳ ነው የተባለው። ገደቡ ጎጂ ነው አልተባለም፣ ገደቡም አልተሰረዘም። ለኔ ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ሕዝብ በየአካባቢው ስለ ጨረር እንዳይወስን ከልክለህ ስታበቃ አንተ ራስህ በደንብ ማስረዳት አለብህ።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ብዙዎች «ታወሩ ከተተከለ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ራሴን ይወጋኛል» ይላሉ። አይዋሹም። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። ጥያቄው ከምን መጣ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ አገር የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሞገድ «ስሜቴ ይነካል» የሚሉ ሰዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ አስቀምጠው አንቴና አበሩባቸው። በርቷል ተብሎ ሲነገራቸው ታመሙ። በኋላ ግን ሰዎቹም ተመራማሪዎቹም በርቶ ይሁን ጠፍቶ ሳያውቁ ሲደረግ፣ ሲበራም ሲጠፋም የሚሰማቸው አንድ ሆነ። መብራቱን ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ፍርሃት ብቻውን ራስ ያሳምማል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ይህን ለታካሚ ስነግር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ «ሐሳብሽ ነው» ብሎ ማባረር ሕክምና አይደለም።

የፍርሃቱ ጉዳት ደግሞ ራስ ምታት ላይ አይቆምም። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ እንግሊዝ አገር 5ጂ ቫይረሱን ያሰራጫል በሚል ወሬ ማማዎች ተቃጠሉ። ከተጠቁት አንዱ በበርሚንግሃም ለኮሮና ሕሙማን የተዘጋጀውን የናይቲንጌል ሆስፒታል የሚያገለግል ነበር። በሽተኛውን መጠየቅ የተከለከለ ቤተሰብ ያለው ግንኙነት ስልክ ብቻ በነበረበት ሰሞን።

ወደ ክሊኒካችን ልመለስና፣ እናትየው ወረቀት ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ግፊታቸውን መለካት ነበር። 190 በ110። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ስንት ጊዜ ተለክተው ያውቃሉ ስላቸው «ከልጄ ምጥ ወዲህ አልተለካሁም» አሉኝ፤ ልጃቸው ሠላሳውን አልፏል። ታወሩ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ሐኪም ቤት አይመጡም ነበርና በዚህ በኩል ታወሩን አመሰግነዋለሁ። መድኃኒት ጀመርን፣ ጨው ቀነስን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ፤ የራስ ምታቱ ወሬ ቀርቶ ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀምረዋል።

ሌላ ቤተሰብ ግን ጉዳያቸው ከዚህ ይለያል። ታወሩ ካለበት ፎቅ ሥር ነው የሚኖሩት፤ አባትየው «ጨረሩ ልጆቼን እንቅልፍ ነሳቸው» ብለው መጡ። ሁለቱም ልጆች ሳል አላቸው፣ ትንሹ ሲተነፍስ ያፏጫል። ስንት ሰዓት ይብሳል? «መብራት ሲጠፋ።» ለምን መብራት ሲጠፋ? «ጄኔሬተሩ ይነሳል።» ጄኔሬተሩ የት ነው? መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ግድግዳቸው ዞሮ። መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣ ጭስና ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ይገባል።

ለኚህ አባት ጻፍኩላቸው። ልጁ አስም እንዳለበት፣ የናፍጣ ጭስ አስም እንደሚያባብስ፣ የሌሊት ድምፅ እንቅልፍ እንደሚነሳ ጻፍኩ። ስለ ጨረር አንድ ቃል የለበትም። ወረዳውም የሕንፃው ባለቤትም ሊያዩት፣ ሊሰሙት፣ ሊያሸቱት የሚችሉት ነገር ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። የጭስ ማውጫው ወደ ላይ ረዝሞ በጣሪያ በኩል እንዲወጣ ተደረገ። ድምፁ አሁንም አለ፣ እየተነጋገሩበት ነው።

እኛ አገር ዘርፉን የሚቆጣጠረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ሲጀምር፣ ኢትዮ ቴሌኮምም በዚያው ዓመት 5ጂን አዲስ አበባ ላይ ሲያስተዋውቅ፣ በየጣሪያው የሚታየው ብረት መጨመሩ አይቀሬ ነበር። ጣሪያ ለማከራየት የምትፈራረሙ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ካላችሁ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። ሕንፃው ያን ክብደትና ንፋሱን እንደሚችል መሐንዲስ አረጋግጧል ወይ? ጄኔሬተሩና ባትሪው የት ይቀመጣል፣ ጭሱስ በየት ይወጣል? አንቴናው ፊት ሰው እንዳይሄድ አጥርና ምልክት ይኖረዋል ወይ? የመብረቅ መከላከያውስ? ከተተከለ በኋላ የጨረር መጠኑ ተለክቶ ውጤቱ ለነዋሪው ይሰጣል ወይ? እነዚህን በውሉ ውስጥ አስገቡ። በቃል ከሆነ ሰውየው ተቀይሮ ሌላ ሲመጣ ይረሳል።

ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ የመለስኩላትም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንዲህ አልኳት፦ የኔን ወረቀት ተይው። ስትናገሪ የተመደበልሽ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በካንሰር አታባክኚው። ምሰሶው ከቤትሽ ትክክለኛ ርቀቱ ስንት ጫማ እንደሆነ በሜትር ገመድ ለኪና ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ከደንቡ በታች ከሆነ ሌላ ክርክር አያስፈልግሽም። ሠላሳ ወይም ስልሳ ጫማ ሄዶ ከሚቀጥለው ምሰሶ ላይ ሊሰቀል ይችል እንደሆነ ጠይቂ፤ ከመስኮት ፊት ይልቅ በሁለት ቤት መካከል ያለ ምሰሶ ካለ በካርታ አሳዪ። የእግረኛ መንገዱን የሚያጠብ ሣጥን ከሆነ በዊልቸር የሚሄዱ ጎረቤቶችሽንና የሕፃን ጋሪ የሚገፉትን አስታውሺ። ማቀዝቀዣ ፋን ካለው ሌሊት ምን ያህል እንደሚጮኽ ይናገሩ። የኤፍሲሲን ገደብ ማሟላቱን የሚያሳየው ሰነድ ለሕዝብ ይቅረብ፣ ከተተከለ በኋላም ይለካ በይ፤ ገደቡን መቀየር ባይችሉም መሟላቱን ማስረጃ መጠየቅ ይችላሉ። እና ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰዓቱ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ይቆጥራልና ጎረቤት ለማሰባሰብ ያለሽ ጊዜ አጭር ነው።

መልሳ «ግን ፍርሃቴ የጤና ነው፣ ለምን ስለ እግረኛ መንገድ አወራለሁ?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጤናውን በተመለከተ መልሴን ከላይ ሒሳቡን ሠርቼ ሰጥቻታለሁ፤ ልጇ 9 ሜትር ላይ ቢተኛ አልሰጋለትም። መስኮቷ ፊት ብረት ማየት አለመፈለጓ ግን በራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ በካንሰር ስም መሸፈን አያስፈልገውም።

ሌላ አገር ላላችሁ በአጭሩ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ የአካባቢ ፕላን ባለሥልጣናት ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ካስቀመጠው የተለየ የጤና ገደብ እንዳያወጡ የመንግሥት የፕላን ፖሊሲ ይነግራቸዋል፤ ነገሩ ከአሜሪካው ጋር ይቀራረባል። እስራኤል ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ራሱን የቻለ የጨረር ሕግ አላችሁ፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነውና ጥያቄያችሁን ወደዚያ ውሰዱ። ጣሊያን ለረጅም ጊዜ ከጎረቤቶቿ ጥብቅ ገደብ ይዛ ቆይታ በ2024 አላልታዋለች።

በመጨረሻ፣ በዚህ ገጽ ላይ ራስ ምታታችሁን በታወር አሳባችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነና ዘንድሮ ግፊት ካልተለካችሁ ዛሬ ተለኩ። በወር ከ15 ቀን በላይ ፓራሲታሞል ወይም ሌላ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታቱን እያመላለሰው ሊሆን ይችላልና ሐኪም አማክሩ። ድንገት፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት በማታውቁት ኃይል የመጣ ራስ ምታት፤ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለው፤ ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ከአፍ መኮላተፍ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር የመጣ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ በእርግዝና ጊዜ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር የመጣ፦ እነዚህ ቀጠሮ የሚያስይዙ አይደሉም፣ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ላይ፣ በአንድ ምሽት ራሳችሁን ካመማችሁና ካቅለሸለሻችሁ መጀመሪያ ከሰል ወይም ጄኔሬተር ፈልጉ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። መስኮትና በር ክፈቱ፣ የተኛውንም ቀስቅሳችሁ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂዱ።